ከሻጋታው በፊት ውሃውን ፈልጉ፦ የቤት ሻጋታን ከነምክንያቱ የማስወገድ መመሪያ

ልጄ ማታ ማታ ታስል ነበር። ቀን ምንም የላትም፤ ትሮጣለች፣ ትጫወታለች። አልጋዋ ላይ ጋደም ስትል ግን ሳሉ ይነሳባታል። ሌሊት ላይ ደግሞ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ብርድ ነው ብለን መስኮቱን ጥርቅም አድርገን ዘጋን። ሽሮፕ ሰጠናት፣ ብርድ ልብስ ደረብንላት። ሳሉ ባሰበት።

አንድ ቀን ከአልጋዋ ሥር የገባ ኳስ ለማውጣት አልጋውን ከግድግዳው ሳብኩት። ልክ ትራሷ በሚውልበት ከፍታ ላይ ግድግዳው ጥቁር አረንጓዴ ነጠብጣብ ለብሷል። ጠጋ ብዬ አየሁት። መሃሉ ጠቆር፣ ዳር ዳሩ ሳሳ ያለ ክብ ክብ ነው። አንዱ ክብ ከሌላው ጋር ተያይዞ ሄዷል። በጣቴ ስነካው ቀለሙ እንደ ረጠበ ወረቀት ተላጠ። ሽታው ሳይደርቅ ታጥፎ የከረመ ልብስ ሽታ ነው።

በማግስቱ በበረኪና ጠረግሁት። ሲነጣ ደስ አለኝ። ቀለም አስቀባሁበት። ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ነጠብጣብ፣ በዚያው ቦታ፣ አዲሱን ቀለም ጥሶ ብቅ አለ። ግድግዳው ከውስጥ እርጥብ ነበር። ግድግዳው እስከረጠበ ድረስ ብንጠርገውም ብንቀባውም ሻጋታው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ማግኘት፣ ቀጥሎ ውሃውን ማቆም፣ ከዚያ ማጽዳት፣ ቀለም መጨረሻ። እባካችሁ ቅደም ተከተሉን አትለውጡት።

ሳንባ ላይ የሚያደርገው

ሻጋታ የፈንገስ ዓይነት ነው። የሚራባው ስፖር በሚባሉ በዓይን በማይታዩ ዘሮች ነው። የብዙዎቹ ስፖሮች መጠን ከ2 እስከ 10 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከሰው ፀጉር ውፍረት ጋር ስታስተያዩት ከቁጥር አይገባም። ትልልቆቹ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራሉ። ትንንሾቹ ግን ከትንፋሽ ጋር ወደ ሳንባ ጥግ ይወርዳሉ።

እዚያ ሲደርሱ የሚሆነው እንደየሰው ይለያያል። አንዳንዱ ሰው ምንም አይሰማውም። አንዳንዱን ጉሮሮውን ይከረክረዋል፣ አፍንጫውን ያፍነዋል፣ ዓይኑን ያሳክከዋል፤ ያስነጥሰዋል፣ ያስለዋል። ሰውነቱ ሻጋታውን እንደ ጠላት የቆጠረበት ሰው ደግሞ አለርጂ ይነሳበታል። አስም ያለበት ሰው ከሁሉም ይብሳል። የአየር ቧንቧው ያብጣል፣ ይጠብባል፣ አክታ ይሞላል። ደረት ላይ የሚሰማው ሲር ሲር የሚመጣው አየሩ በጠበበው ቧንቧ ሲሾልክ ነው።

ጥቂት ሰዎች ላይ ከዚህ የከፋ ነገር ይደርሳል። ስፖር ደጋግመው ሲተነፍሱ የሳንባው ሥጋ ራሱ የሚቆጣባቸው አሉ። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ይዟቸው ጉንፋን ይመስላቸዋል። የበሽታ መከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ደግሞ አሉ፤ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፣ የሰው አካል ተተክሎላቸው መድኃኒት የሚወስዱ። እነዚህን አስፐርጂለስ የሚባለው ሻጋታ ሳንባቸው ውስጥ ሊበቅልባቸው ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ለጽዳቱ ሌላ ሰው ይፈለግ። እሱ ከቤቱ ይውጣ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት እርጥበትና ሻጋታ መመሪያ አውጥቷል። እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመም፣ ለኢንፌክሽንና ለአስም መባባስ ይበልጥ ይጋለጣሉ ይላል። «እስከዚህ ድረስ ያለ ሻጋታ አይጎዳም» የሚል የቁጥር ልክ ግን አላስቀመጠም። ያስቀመጠው ምክር እርጥበቱን መከላከል፣ ሻጋታ ከተገኘም ማስወገድ ነው።

ነገሩን አክብዳችሁ እንድታዩት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 እንግሊዝ ውስጥ ሮችዴል በምትባል ከተማ አንድ የ2 ዓመት ሕፃን ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2022 የሞቱን ምክንያት የመረመረችው ባለሥልጣን ምክንያቱ ቤታቸው ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆየው ሻጋታ ያስከተለበት ከባድ የመተንፈሻ ሕመም መሆኑን ወሰነች። ወላጆቹ ስለ ሻጋታው ደጋግመው አመልክተው ነበር። እንዲህ ያለ መጨረሻ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ሕፃን ልጅ የሚተኛበት ክፍል ሻግቶ ካያችሁ ግን «ቆይ በኋላ» አትበሉ።

1. በአፍንጫም በዓይንም ፈልጉ

አፍንጫችን ቶሎ ይለምዳል። ቤት የዋለ ሰው የቤቱን ሽታ አይሰማም። ስለዚህ ውጪ ውላችሁ ስትገቡ፣ በሩን እንደከፈታችሁ ያለውን የመጀመሪያውን ሽታ ልብ በሉ። ሻገት ሻገት የሚል ከሆነ ሻጋታው ባይታይም አንድ ቦታ አለ።

ከዚያ የእጅ ባትሪ ያዙ። መብራቱን ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ ግድግዳውን አስታካችሁ አብሩ። የተነፋ ቀለምና ስስ የሻጋታ ፀጉር በጎን ብርሃን ነው የሚለየው። ቁም ሳጥንና አልጋ ጎትቱ። የሲንክ ሥር ያለውን ሳጥን ክፈቱ። መጋረጃውን ገልብጡ። የፍራሹን ሆድ እዩ። የኮርኒስ ጥግ፣ የመስኮት ዳር፣ ሻወር ቤት ያለው የሲሊኮን መስመር፣ ወለል ላይ ተነባብሮ የከረመ ካርቶን፣ ሁሉም ይታይ።

ያያችሁት ነገር ሻጋታ መሆኑ ካጠራጠራችሁ ሁለት ቀላል ሙከራ አለ። ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ከሆነ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ሟሙቶ ከጠፋ ከግድግዳው የወጣ ጨው ነው። ጨው ሳንባ አይጎዳም፤ ግድግዳው ውስጥ ውሃ እንደሚመላለስ ግን ይነግራችኋል። ጥቁር ነጠብጣብ ከሆነ በውሃ የቀጠነ በረኪና በጥጥ ጫፍ ነካ አድርጉት። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከሳሳ ሻጋታ ሳይሆን አይቀርም። ጥቁረቱ እንዳለ ከቆየ ጥላሸት ወይም ቆሻሻ ነው።

ቀለሙ አያስጨንቃችሁ። «ጥቁሩ መርዛማ ነው፣ አረንጓዴው ግድ የለም» ሲባል ትሰማላችሁ። በቀለም ዓይነቱም አደጋውም አይለይም። ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪ ማስመርመርም ለአብዛኛው ቤት አያስፈልግም። ስሙ ምንም ይሁን፣ የምትሠሩት ሥራ ያው ነው።

2. ውሃው ከየት እንደሚመጣ ለዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። እኔ የተሳሳትኩት ይህን ደረጃ ዘልዬ ነው።

ውሃ ወደ ግድግዳ የሚገባባቸው መንገዶች አራት ናቸው። ከላይ የመጣ ከሆነ፣ ማለትም ከጣሪያ ወይም ከአሸንዳ፣ ኮርኒሱ ላይ ዳሩ ቡናማ የሆነ ክብ ምልክት ይተዋል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይሰፋል። ከመሬት የሚወጣ ከሆነ ከወለሉ ጀምሮ ወደ ላይ ይሳባል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ገደማ አያልፍም፤ ያቆመበት ቦታ አግድም መስመር ይሠራል፣ ጨውም ይታይበታል።

ከቧንቧ ከሆነ ቆጣሪው ይናገራል። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ። የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ሁለት ሰዓት ያህል ማንም ውሃ ሳይነካ ቆይታችሁ ደግማችሁ እዩት። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

አራተኛው ከአየር የሚመጣው ነው። ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ሞቃት አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፣ ቀዝቃዛ አየር ጥቂት። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይይዛል። በ10 ዲግሪ ከ9 ግራም ብዙም አያልፍም። እንግዲህ ሞቅ ያለው የክፍሉ አየር ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ መሸከም ያቃተውን ውሃ እዚያው ይጥለዋል። ጠዋት መስኮቱ የሚያልበው በዚህ ምክንያት ነው። ግድግዳውም ያልበዋል፤ ቀለም ስለሚመጠው ግን አይታይም። አልጋና ቁም ሳጥን የተጠጋበት ግድግዳ ደግሞ አየር ስለማያገኝ ሳይደርቅ ይከርማል።

ከውስጥ ይሁን ከአየር ለመለየት ይህን ሞክሩ። የእጅ መዳፍ ሁለት እጥፍ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ቁረጡ። የረጠበውን ቦታ በጨርቅ አድርቁና ፕላስቲኩን በአራቱም ጎን በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉ፤ አየር አያስገባ። ከ1 እስከ 2 ቀን ተዉት። ከዚያ ሳትነቅሉት እዩ። ጠብታው በእናንተ በኩል፣ ከላይ ከሆነ ውሃው የክፍሉ አየር ነው። ጠብታው ከጀርባው፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ እየመጣ ነው። የእኔ ፕላስቲክ ከላዩ አልቦ፣ ጀርባው ደረቅ ሆኖ አገኘሁት። ለካ ብርድ ነው ብለን የዘጋነው መስኮት ነበር ልጄን ያሳላት። ይህን ስረዳ አዘንኩ፤ ግን ቢያንስ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አወቅሁ።

3. ውሃውን አቁሙ

ጣሪያ፣ አሸንዳና ቧንቧ የባለሙያ ሥራ ነው፤ አስጠግኑ። ውጪ በኩል አፈር ወይም አስፋልት ከወለላችሁ በላይ ከፍ ብሎ ግድግዳውን ከነካ ዝቅ ይደረግ። የዝናብ ውሃ ወደ ቤቱ ሳይሆን ከቤቱ እየራቀ እንዲፈስ ተዳፋት ይሠራለት። ከመሬት የሚሳብ ውሃ ሌላ ቀለም ስለቀባችሁ አይቆምም፤ እሱ ላይ የግንባታ ሰው ምክር ያስፈልጋል።

የአየሩ እርጥበት ግን በእጃችሁ ነው። አንድ ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሽና በላብ ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ወደ ክፍሉ ይለቃል። አንድ ዙር የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ውሃ አየሩ ውስጥ ይገባል። ድስት፣ ሻወር፣ ማንቆርቆሪያ ሲጨመርበት አስቡት።

ልብስ ውጪ ይሰጣ። ካልሆነ አንድ ክፍል ውስጥ መስኮት ተከፍቶ፣ በሩ ተዘግቶ ይድረቅ። ድስት ክደኑ። ሻወር ስትወስዱ የሻወር ቤቱን በር ዝጉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ አየር ማስወጫ ፋን ካለ እንፋሎቱ እስኪወጣ ይሥራ። ስትጨርሱ ግድግዳውን በመጥረጊያ ጎማ ወይም በፎጣ ወደ ታች ሳብ ሳብ አድርጉት፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጠዋትና ማታ ትይዩ ያሉ መስኮቶችን 10 ደቂቃ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ ከመተው ይህ ይሻላል፤ አየሩ ይቀየራል፣ ግድግዳው ግን አይቀዘቅዝም። የመስኮት ላብ ካያችሁ በጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን ውጪ ጭመቁ።

አልጋና ቁም ሳጥን ከግድግዳው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ቁም ሳጥኑን እስኪያብጥ አትሙሉት። የአየር እርጥበት መለኪያ ማግኘት ከቻላችሁ ግዙ። ቁጥሩ ከ60 በመቶ በታች ይሁን፤ ከ30 እስከ 50 ከሆነ በጣም ጥሩ ነው።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ ጣሪያና ቧንቧ የአከራዩ ጉዳይ ነው። ፎቶ አንሱ፤ ቀኑ ይታይበት። በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቁ።

4. አጽዱ

መጠኑን ተመልከቱ። በአጠቃላይ ከ1 ካሬ ሜትር ያነሰ ከሆነ ራሳችሁ ልታጸዱት ትችላላችሁ። ከዚያ የሰፋ፣ ወይም የፍሳሽ ውሃ የነካው ከሆነ ሙያው ያለው ሰው ይሥራው። አስም ያለበት፣ ሕፃንና ነፍሰ ጡር በዚያ ቀን ከቤት ይራቁ።

ኤን95 (N95) የሚባለውን ጥቃቅን ብናኝ የሚያጣራ ማስክ፣ ክንድ ድረስ የሚደርስ የጎማ ጓንትና ዙሪያውን የተዘጋ መነጽር አድርጉ። የጨርቅ ማስክ ለዚህ አይሆንም። የክፍሉን በር ዝጉ፣ የውጪውን መስኮት ክፈቱ፣ ፋን አጥፉ። ልብስና አንሶላ ከክፍሉ ይውጣ።

አሁን ዋናው ነገር። ሻጋታ በደረቁ አይነካም። በደረቅ መጥረጊያ ወይም ብሩሽ ከነካችሁት ስፖሩ ጭስ ሆኖ ይነሳል፤ ቀድሞ ግድግዳው ላይ የነበረውን ሳንባችሁ ውስጥ ታስገቡታላችሁ። ሞቅ ባለ ውሃ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ። በስፖንጅ ወይም በቀስታ በሚረጭ ጠርሙስ ቦታውን አርጥቡት፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ከዳር ወደ መሃል ጥረጉ፤ ከመሃል ከጀመራችሁ ወደ ንጹሑ ትገፉታላችሁ። ጨርቁ ሲቆሽሽ ባልዲው ውስጥ መልሳችሁ አትንከሩት። ፌስታል ውስጥ ጣሉትና አዲስ ያዙ። ቡጭቅጫቂ አሮጌ ጨርቅ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ሲያልቅ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቁ፣ ፌስታሉን አስራችሁ በቀጥታ ወደ ውጪ አውጡ።

በረኪናስ? ለሴራሚክ፣ ለመስታወት፣ ለመታጠቢያ ገንዳ ይሆናል። በ4 ሊትር ውሃ ከሩብ ሊትር ያልበለጠ አድርጉ፤ ያውም በሳሙና ከታጠበ በኋላ። ለልስን፣ ለጀሶና ለእንጨት ግን እምብዛም አይረዳም። ላዩን ያነጣዋል፤ ውስጥ የገባው ሥሩ ይቀራል። የሞተ ሻጋታም ቢሆን አለርጂ ያስነሳል። ስለዚህ ጠርጎ ማውጣት እንጂ መግደል ብቻ አይበቃም። የበረኪና ሽታ ራሱ አስም እንደሚቀሰቅስ አትርሱ።

በረኪናን ከምንም ነገር ጋር አትቀላቅሉ። ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። በተዘጋ ሻወር ቤት ውስጥ ይህ ሰው ይገድላል።

የሚታጠብ ልብስና መጋረጃ፣ ጨርቁ ከቻለ፣ በ60 ዲግሪ ታጥቦ ጸሐይ ላይ ይድረቅ። ውስጡ ድረስ የሻገተ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ምንጣፍ፣ የጀሶ ሰሌዳ ኮርኒስና ያበጠ ቺፑድ ግን አይድኑም። አውቃለሁ፣ ፍራሽ መጣል ያማል። ነገር ግን ልጅ ፊቱን የሚደፋበት ነገር ነው። በፌስታል ወይም በላስቲክ ጠቅልላችሁ አውጡት፤ ሳትጠቀልሉ በየክፍሉ አትጎትቱት።

ድንገት ውሃ የገባበት ቤት ካላችሁ ደግሞ ሰዓት ቁጠሩ። የረጠበው ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ከደረቀ ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ አይጀምርም።

5. ሰውየውን አትርሱ

ቤቱን እያስተካከላችሁ ሳለ የሚያስለውን ሰው ተከታተሉ። ለ2 ሳምንት ደብተር ላይ ጻፉ፦ መቼ አሳለው፣ የት ክፍል፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ነቃ፣ ዘመድ ቤት ያደረ ቀን እንዴት ነበር። ከቤት ሲርቅ የሚቀል፣ ሲመለስ የሚነሳ ሕመም ወደ ቤቱ ይጠቁማል። ደብተሩን ለሐኪም አሳዩ። እኛን የመረመረችን ሐኪም ከማዳመጫዋ እኩል ያንን ወረቀት ነው ያገላበጠችው።

ሁሉንም ሳል በሻጋታ አታሳቡ። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ማታ ማታ ማላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም ደም ያለበት አክታ ካለ ለሳንባ ነቀርሳም መመርመር ያስፈልጋል። አስም ያለበት ሰው ቤቱ ጸዳ ብሎ መድኃኒቱን በራሱ አያቁም።

ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ከንፈሩ የሚጠቁር ወይም ሰማያዊ የሚሆን፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሃል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ልጅ ካያችሁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

6. ቀለም መጨረሻ ላይ

ግድግዳው ከጸዳ በኋላ አትቸኩሉ። ቀለም እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ እናንተም አታዩትም። ያንን ፕላስቲክ እንደገና ለጥፉት። ሁለት ቀን ቆይቶ ከጀርባውም ከላዩም ደረቅ ከሆነ ቀቡ።

ከመቀባታችሁ በፊት ሻጋታው የነበረበትን ቦታ ለክታችሁ ፎቶ አንሱ። ከተቀባ በኋላ ዳር ዳሩን በእርሳስ ሳሳ አድርጋችሁ አክብቡት፤ ቀኑንም ጥጉ ላይ ጻፉ። በየ2 ሳምንቱ አልጋውን ሳብ አድርጋችሁ በእጅ ባትሪ እዩት፣ አሽትቱት፣ በመዳፋችሁ ዳብሱት። የእርሳሱ ክብ ባዶ ሆኖ አንድ የዝናብ ወቅት ካለፈ የልጁን አልጋ ወደ ቦታው መልሱ፤ ከግድግዳው በአንድ መዳፍ ስፋት አርቃችሁ።